ከተከዜ እስከ ቁልቋል በር፦ የግፍ ቁጥርና ምስክር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ ጉማራን ይሻገርና በፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ወረታ ላይ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል፤ ሌላው በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ቁልቋል በር ይወጣል። በስተግራ ጣና ተንጣሎ ይታያል። ዛሬ ሩዝ የሚበቅልበት ረግረግ በጣሊያን ጊዜ የከብት ግጦሽ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው ያጥለቀልቁታል። ጣሊያን በዚህ አገር የቆየው ስድስት ዓመት ላልሞላ ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስለተሠራው ግፍ የተነሣው ክርክር ግን ሰማንያ ዓመት አልፎትም አልተዘጋም። የመርዝ ጋዝ ተረጭቷል ወይስ አልተረጨም? ስንት ሰው አለቀ? ማን አዘዘ? ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ እየተምታቱ ስለሚጠየቁ ነው ክርክሩ የማያልቀው። «ስንት» ሲባል የተሳሳተ ምስክር «ተደርጓል ወይ» ሲባል ውሸታም አይሆንም። ይሁን እንጂ ስለ ቁጥሩ ግድ የማይሰጠው ሰው፣ ልቡ ከሟቾቹ ጋር ቢሆንም እንኳ፣ ለካጁ በር ይከፍትለታል። የአምስቱን ዓመት ግፍና ከዚያ ወዲህ የተደረገውን ሙግት በየጊዜው ቅደም ተከተል ስንከተል ይህ ደጋግሞ ይታያል።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። በጎንደር በኩል ወደ ሽሬ የዘመቱት የጎጃሙ ገዥ ራስ እምሩ ነበሩ፤ ደጃዝማች አያሌው ብሩም በዚያው ግንባር ተሰልፈው ነበር። ከጣና ዙሪያ የሄደው ባላገር አውሮፕላንን እንደ ጉድ ማየት ከተወ ሰንብቷል፤ ቦምብ ሲወርድ መሬት ላይ መተኛት፣ መበተን ለምዷል። በታኅሣሥ አጋማሽ ተከዜ ላይ የወረደው ነገር ግን እንደ ቦምብ አልፈነዳም። በርሜል የሚመስል ዕቃ መሬቱንና ውኃውን እንደነካ ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተረጨ። የነካው እጅ፣ እግርና ፊት ውኃ ቋጠረ፤ ቆዳው ተገፈፈ። አብዛኛው ወታደር በባዶ እግሩ ነበርና እርጥቡን ሣር መርገጥ በቃው። ሲቃጠል ወደ ወንዙ ሮጦ ጠጣ፤ ወንዙም ተመርዟል። ራስ እምሩ ያዩትን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለጣሊያናዊው ጋዜጠኛና ታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ ነግረውታል። በቀይ መስቀል ሥር ያገለግሉ የነበሩ የውጭ ሐኪሞችም የተቃጠለውን ሰው አክመዋል፣ ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ጣሊያን በ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫን ፕሮቶኮል ፈርማ በ1928 እ.ኤ.አ. ያጸደቀች አገር ስለሆነች ነገሩን ማመን አልቻለችም፤ ቁስሉን የለምጽና የሥጋ ደዌ በሽታ ነው አለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዙ ሲናገሩ ከላይ የተቀመጡት የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው።

ክህደቱ አላዋጣ ሲል ሌላ መከራከሪያ ተተካ፤ እነሱ ስለጀመሩ ነው የሚል። ቲቶ ሚኒቲ የሚባል አብራሪ ታኅሣሥ 16 ቀን በኦጋዴን ግንባር ደጋሐቡር አካባቢ ወድቆ ተገደለ፤ አንገቱን ቆርጠውታል ተባለ፤ ጋዙም የዚያ ብድር ሆኖ ቀረበ። ይህን መከራከሪያ በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ቀኑን ማየት ግን ይገባል። ተከዜ ላይ መርዝ የወረደው ከሚኒቲ ሞት ቀደም ብሎ ነው። ሙሶሊኒ ለደቡቡ ግንባር አዛዥ ለግራዚያኒ በቴሌግራም ጋዝ የፈቀደለት ደግሞ ገና በጥቅምት አጋማሽ ነበር፤ ሁለት ወር አስቀድሞ። ብድር ከበደሉ ሊቀድም አይችልም። ይህን ስንል የራሳችንን ወገን በደል ልንሸፍን አይደለም። የካቲት 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይ ላሕላ ላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች የጎንድራንድ ኩባንያን የመንገድ ሥራ ሠፈር አጥቅተው 70 ገደማ ጣሊያናውያን ሠራተኞችን ገድለዋል። ይህም ተደርጓል። የሰሜኑን ጦርነት ሲተርክ ማይ ላሕላን የሚዘል ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ፣ ተከዜን የሚዘለውን ጣሊያናዊ ለመውቀስ አንደበቱ ይያዛል።

የጣሊያኑ አዛዥ የአኪሌ ስታራቼ ተሽከርካሪ ጦር መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ፤ ጣናን ታኮ ወርዶ ባሕር ዳርን ያዘ፤ ሚያዝያ 20 ቀን ደብረ ታቦርም ተያዘች። ስታራቼ ወዲያው በዚያው ዓመት ስለ ጎንደር ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። የሞተርና የጀግንነት ታሪክ ነው። ፎገራና ሐሙሲት ያለችበት ደራ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ መንገዱ አስቸጋሪ የሆነበት ሜዳ እንጂ ሰው የሚኖርበት አገር አይመስሉም። ድል ያደረገው ወገን ማተሚያ ቤት ነበረው፤ የተሸነፈው አዝማሪ ነበረው። ይህን ልዩነት አስቡት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ትእዛዝ ያስረዳልና።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያን እንደራሴ በሆነው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። የፋሺስት ፓርቲው አለቃ ጉይዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዞቹን ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለቀቃቸው። ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ፤ ሰው በአካፋና በዱላ ተደበደበ። መጋቢት 10 ቀን ግራዚያኒ ለቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ለሌሶና ባስተላለፈው ቴሌግራም ዘፋኝ ተራኪዎች፣ ጠንቋዮችና ሟርተኞች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን ገለጸ። ምክንያቱ ወሬ ያዛምታሉ፣ የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው እያሉ ሕዝቡን ያነሣሣሉ የሚል ነው። አዝማሪና ማሲንቆ የጎንደር ክፍለ ሀገር ዋና መለያ በሆኑበት በእኛ በኩል ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዛሬ «የኢትዮጵያውያን ምስክርነት የቃል ብቻ ነው፣ የቃል ደግሞ አይታመንም» የሚሉ አሉ። የቃሉን ባለቤት ያስረሸነ አገዛዝ ማስረጃ ሲጎድል ጉድለቱን የፈጠረው ራሱ መሆኑ ከሒሳቡ መውጣት የለበትም።

ሁለት ወር እንዳለፈ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግራዚያኒ ለጄኔራል ማሌቲ መነኮሳቱን ያለ ልዩነት እንዲረሽን አዘዘ፤ ግንቦት 13 ቀን፣ የተክለ ሃይማኖት በዓል በተከበረ ማግስት፣ ግድያው ተፈጸመ። የጣሊያን ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን ይላል፤ ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። በድምሩ 449። ገዳዩ ራሱ ቆጥሮ፣ ፈርሞ፣ ለሮማ ያስተላለፈው ቁጥር ነው። ተኩሱን የፈጸሙት አስካሪዎች እንደነበሩም አይካድም፤ በአምስቱ ዓመት ግፍ ውስጥ የአስካሪና የባንዳ እጅ ብዙ ቦታ አለ። ይህን መናገር ያዘዘውን ነፃ አያወጣውም።

በዚያው ጊዜ ጎንደር ላይ ተቀምጦ ጎንደርንና ጎጃምን የያዘውን የአማራ ግዛት የሚገዛው ጄኔራል አሌሳንድሮ ፒርዚዮ ቢሮሊ ነበር። ስለዚህ ሰው በጣሊያን በሚጻፉ የቅኝ ግዛት ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይነገራል፤ የአማራ ባላባቶችን አንገታቸው ላይ ድንጋይ አሳስሮ ጣና ውስጥ አስጥሏል የሚል። ዘግናኝ ነገር ነው፤ የአገዛዙን ጠባይ ላየ ሰው ደግሞ የማይታመን አይደለም። ይሁንና ሲደጋገም ስም አይከተለውም፤ ቀንና የባሕር በር አይከተለውም። ከደብረ ሊባኖሱ ቴሌግራም ጋር አነጻጽሩት፦ እዚያ ቀን፣ አዛዥ፣ ቁጥርና ቦታ አለ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ እኩል እርግጠኛ ሆኖ መናገር ለጣናዎቹ ሟቾች ክብር አይጨምርላቸውም። የሚጨምርላቸው ማን እንደነበሩ ተጠይቆ፣ ተፈልጎ ሲታወቅ ነው። ሳይፈተሽ የተደጋገመ እውነት አንድ ቀን ተፈትሾ ከወደቀ ውሸት ጋር አብሮ ይጣላል፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሐሙሲት ለጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ቅርብ ናት፤ ቆራጣም እዚያው ናት። የታንኳ ሰው፣ የገዳም ሰው፣ የአድባራት መዝገብ ባለበት ዳርቻ ይህን የሮማ ጸሐፊ ከሚፈልገው ይልቅ የደራ ልጅ ቢፈልገው ይቀናዋል።

በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ መባቻ ላይ መንዝ ውስጥ ዘረት በሚባል ዋሻ የተጠለሉ የደጃዝማች ተሾመ ሽንቁጥ ተከታዮች ተከበቡ። ተዋጊዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና ቁስለኞች አብረዋቸው ነበሩ። የጣሊያን ጦር የመርዝ ጋዝ ወደ ዋሻው ለቀቀ፤ ከዚያ የወጡትን በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች ረሸነ። ያገሬው ሰው ቦታውን አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ስልሳ ሰባት ዓመት ያህል በውጭ ታሪክ ጸሐፊ ዘንድ ዘረት የሚባል እልቂት አልነበረም፤ በመንደሩ ሰው አፍ ብቻ ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጣሊያን በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻውን ትልቅ ውጊያ ካደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለው ቁልቋል በር ነው። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦርና በአርበኞች እጅ ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ። በቁልቋል በር የተዋጉት ካራቢኒየሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶች በጀግንነት እንደተዋጉ ጠላቶቻቸውም አልካዱም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1949 እ.ኤ.አ. ድንግል ማርያምን የካራቢኒየሪ ጠባቂ አድርገው ሲሰይሙ በዓሉ የቁልቋል በር ቀን እንዲሆን ተደረገ። ዛሬም በየዓመቱ በኖቬምበር 21 በጣሊያን ከተሞች ቅዳሴ ይደረጋል፣ የቁልቋል በር ስም ይጠራል። ለሞቱ ወታደሮች መጸለይ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚቆረቁረው የዚህች የእኛ ኮረብታ ስም በጣሊያንኛ ሲነገር የመስዋዕትነት መጨረሻ ብቻ ሆኖ መቅረቡ፣ ወደዚያ ያደረሱት አምስት ዓመታት ከትረካው መውጣታቸው ነው።

ከነፃነት በኋላ ሒሳብ ተጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ያቀረበው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ በጦር ሜዳ የሞቱ 275,000፣ በአምስቱ ዓመት የወደቁ አርበኞች 78,500፣ በቦምብ ያለቁ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800፣ በየካቲት 12 እልቂት 30,000፣ በችሎት ፍርድ የተገደሉ አርበኞች 24,000፣ በእስር ሠፈር የሞቱ 35,000፣ መንደራቸው ወድሞ በችግር ያለቁ 300,000። ድምሩ 760,300። ይህ ቁጥር በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲነበብ እንደ ፎቶግራፍ ይታያል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን የተከመረ ግምት ነው፤ አብዛኛው በሺህ ላይ የተጠጋጋ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የተመታ ሳይሆን የተራበ፣ የተፈናቀለ፣ ከብቱና ጎጆው የተቃጠለበት ሰው ነው፤ የሕዝብ ቆጠራ ባልነበረበት አገር ይህን የሚቆጥር አልነበረም። የዚያን ጊዜ መንግሥት ካሣ እየጠየቀ ስለነበር ቁጥሩን ወደ ላይ ቢያጠጋ አይገርምም። በመጨረሻ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የተወሰነለት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የበረታው ማስረጃ ሌላ ቦታ ነበር። የኢትዮጵያ ፍትሕ ሚኒስቴር ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ያዘጋጀው ሰነድ በሁለት ቅጽ ታትሟል፤ አንደኛው የጣሊያኖችን ቴሌግራምና ትእዛዝ፣ ሁለተኛው የምስክሮችን ቃለ መሐላ የያዘ ነው። አዘጋጆቹ የትኛውን እንዳስቀደሙ አስተውሉ። ገዳዩ በእጁ የጻፈውን አስቀድመው ሟች ወገን የተናገረውን ከኋላው አሰለፉ፤ አንዱ ሌላውን እንዲደግፍ። ኢትዮጵያ የ10 ሰዎችን ስም ሰጠች፤ በወረራው ጊዜ የጦሩ ዋና አዛዥ የነበረው ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ ፒርዚዮ ቢሮሊ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። አንዳቸውም በኢትዮጵያ ላይ ስለሠሩት ፍርድ ቤት አልቀረቡም። እንግሊዝ ባዶሊዮን ለመንካት አልፈለገችም፤ ግራዚያኒም በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት የተፈረደበት ለጀርመን በማደሩ እንጂ በየካቲት 12 አይደለም፣ ያንንም ሳይጨርስ ወጣ። ፍርድ ቤት ቢኖር ኖሮ ቁጥሩን ይመረምረው፣ ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትነው ነበር። ክርክሩ ለጋዜጣና ለመጽሐፍ የተተወው ፍርድ ስለጎደለ ነው።

ዴል ቦካ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አቢሲኒያ ጦርነት መጽሐፉን ሲያወጣ የቀድሞ ዘማቾች ተነሡበት፤ የአገር ስም አጥፊ ተባለ። በጣሊያን የተወደደው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወጣትነቱ መኮንን ሆኖ ዘምቶ ነበርና ጋዝ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እዚያው ስለነበርኩ አውቃለሁ ሲል ለዓመታት ተሟገተው። ይህ መከራከሪያ ጆሮ ይስባል፤ የዓይን ምስክር ነውና። ሆኖም አላየሁም የሚል ምስክር የሚመሰክረው ስለ ራሱ ዓይን ብቻ ነው፤ ጦሩ ብዙ መቶ ሺህ ሰው፣ ግንባሩም ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ ነበር። በ1988 ዓ.ም. የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ የመዝገብ ቤቱን ሰነድ ጠቅሶ ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ አመነ። ሞንታኔሊም ስህተቱን በአደባባይ ተቀበለ። የተከዜ ወታደር የተናገረው እውነት እንደነበረ በገዳዩ መንግሥት አፍ እስኪረጋገጥ ስልሳ ዓመት ፈጀ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪም ያገኘውን የጦር ሰነድ ይዞ ዘረትን ፈልጎ በ1998 ዓ.ም. ይፋ አደረገ። ከዚያም ኢትዮጵያዊውን ዮናታን ሳህሌን ጨምሮ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ገብተው መረመሩ፤ የሰው አጥንት፣ የሸክላ ዕቃ፣ የጥይት ቀለህ አገኙ። የድስት ስብርባሪ ጦር ሠፈር ውስጥ ምን ይሠራል? ቤተሰብ ነበረበት ማለት ነው። የመንዝ ባላገር የቃል ታሪክ፣ የጣሊያን ቴሌግራምና የዋሻው ወለል አንድ ላይ ገጠሙ።

ስለ ቁጥሩም ሥራው ቀጠለ። የየካቲት 12ን ሟቾች የጣሊያን ወገን በመቶዎች፣ የውጭ ዲፕሎማቶች በጥቂት ሺዎች፣ ኢትዮጵያ 30,000 ሲሉ ኖረዋል። ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ሠፈር በሠፈር፣ ምስክር በምስክር ተከታትሎ 19,200 የሚል ግምት ላይ ደረሰ። እሱ ትክክል ከሆነ ይፋዊው ቁጥራችን ከሲሶ በላይ በዝቷል፤ የጣሊያኖቹ ደግሞ እውነቱን በብዙ እጥፍ አሳንሷል። ደብረ ሊባኖስ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያደረጉት ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 አድርሶታል፤ ስለዚህ ሰነዱ ላይ ያለው 449 ከሲሶው በታች ነው። የገዳይን ሰነድ ማክበር ማለት በእሱ መወሰን እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከወገን የሚመጣው ነው። 30,000 ይሁን 19,000 ምን ይለውጣል፣ ቁጥር መመርመር በሟቾች ላይ መደራደር ነው የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ኀዘናቸው ይገባኛል፤ በዚህ ግን አልስማማም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆም ተከላካዮቹ የተንጠለጠሉት ተጋኗል በሚለው ቃል ነበር፤ ቁጥሩ ተጋኗል ከሚለው ተነሥተው ግፉም ተጋኗል ወደሚለው ይሻገራሉ። መንገዱን የሚዘጋባቸው የተፈተሸ ቁጥር ነው። ደግሞም በቅርቡ በገዛ አገራችን በተካሄዱ ጦርነቶች እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሟች አብዝቶ፣ የሌላውን አሳንሶ ሲቆጥር አይተናል። ለጣሊያን ዘመን ሟቾች መመዘኛ ካላበጀን ለትናንቶቹ ከየት እናመጣለን? ሁለተኛው ተቃውሞ የቃል ታሪክ ቀንና ቁጥር ያፋልሳል የሚለው ነው። ያፋልሳል። ዘረት ግን እንዳሳየው ቦታንና የሰው ማንነትን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰነዱ የሚዘለውን ሴትና ሕፃን ያስታውሳል። ሁለቱን ማገናኘት ነው ሥራው።

ለደራና ለፎገራ ይህ ሥራ ገና ነው። ከቁልቋል በር እስከ ሐሙሲት ባለው መንገድ ላይ አያታቸው የተረሸነባቸው፣ መንደራቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ የሞተውን በክርስትና ስሙ ጠርተው ተዝካሩን ያወጡ፣ ስሙን ለአጥቢያው ካህን ያስመዘገቡ። የሐሙስ ገበያ ሐሙሲት ላይ ሲቆም ከቆራጣ በኩል የሚመጣውም፣ ከጉማራ ማዶ የሚሻገረውም አንድ ቦታ ይገናኛል። መጠየቂያው ቀላል ነው፦ ስሙ ማን ይባላል፣ የማን ልጅ ነው፣ ደብሩ የት ነው፣ በምን ወር በማን በዓል ሞተ፣ ማን አየ። ጣና ውስጥ ተጣሉ ስለሚባሉት ባላባቶችም የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ የአንዱ እንኳ ስም ከነደብሩና ከነቀኑ ቢገኝ፣ ከጎንደሩ አገዛዝ ወረቀት ጋር ለማስተያየት ሮማ ያለው መዝገብ ቤት ክፍት ነው።